ትንሿን ጊታር የጠየቀች ሴት

አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ውስጥ ይመኙሻል የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በፈትል ክፍል ሠርታ ጡረታ ወጣች። ቁመቷ አጭር ነው፤ ክንዷም እንደ ቁመቷ። ጣቶቿ ግን የተበጠሰ ክር ከሚዞር ማሽን ላይ ይዘው በዓይን ጥቅሻ የሚቋጥሩ ነበሩ።

ፋብሪካው በደህናው ዘመን የሠራተኞች የሙዚቃ ጓድ ነበረው። ይመኙሻልና የሥራ ባልደረባዋ ዘሐራ በዚያ ጓድ ውስጥ ይዘፍኑ ነበር። ጊታር የሚይዙት ወንዶቹ ናቸው። ይመኙሻል አንድ ቀን “እስቲ እኔም ልሞክረው” ብትል “አንቺ ድምፅሽ ይበቃሻል” ተባለች። ዘሐራ ይኼን ነገር አልረሳችውም። “ግዴለሽም፣ ጡረታ ስንወጣ የራስሽን ትገዢያለሽ፤ አንቺ ትመቺያለሽ፣ እኔ እዘፍናለሁ” ትላት ነበር።

ሁለቱ ሥራ ላይ ሆነው የደረሱት አንድ ዘፈን ነበራቸው። ከማሽኑ ጩኸት በላይ እየጮሁ ስለሚዘፍኑት ዜማውን በዝግታ ሰምተውት አያውቁም።

ጡረታ በወጡ በዓመቱ ዘሐራ ታመመች። ሐኪሞቹ ለቤተሰቧ በሹክሹክታ የነገሩትን እሷም ታውቀዋለች። ይመኙሻል ልትጠይቃት በሄደች አንድ ቀን፣ ዘሐራ ትራሷን ተደግፋ፣ “ጊታሩስ?” አለቻት። “ያንን ዘፈናችንን ያለ ማሽን ጩኸት አንድ ጊዜ ልስማው። ከዚያ ሌላ አልጠይቅሽም።”

ይመኙሻል በማግስቱ ጠዋት ወደ ሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ሄደች።

የሱቁ ባለቤት ልሳኑ ይባላል። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ሽክ ብሎ የሚለብስ፣ አንደበቱ የሚጣፍጥ ነጋዴ ነው። ሁለት ወጣቶች ድምፅ ማጉያ እየመረጡ ነበር።

“ለልጅዎ ነው?” አላት ልሳኑ።

“ለራሴ ነው፤ መማር እፈልጋለሁ” አለችው።

ወጣቶቹ ተያዩ። ልሳኑ ከግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ፣ መስታወት የመሰለ ጊታር አውርዶ ሰጣት። ይመኙሻል አቀፈችው። ሣጥኑ ከመስፋቱ የተነሣ ቀኝ ክንዷ ወደ ላይ ተሰቀለ፤ አገጯ የጊታሩን ጠርዝ ሊነካ ምንም አልቀረውም። የግራ እጇ የአንገቱን ጫፍ ለመድረስ ትከሻዋን ይዞት ሄደ። ዓይኗን ስታዞር፣ ጥግ ላይ፣ ከክር መሸጫው ሣጥን በላይ የተሰቀለች ትንሽ ጊታር አየች። ሣጥኗ ሳሳ፣ ወገቧ ጠበብ ያለ ነው። ከክቧ ቀዳዳ አጠገብ በእንጨቱ ላይ የቡና ፍሬ የምታክል ጠቆር ያለች ነጥብ አለች።

“እስቲ ያችን ያውርዱልኝ።”

ልሳኑ እያመነታ አወረደላት። ለገዢ የሚሆን ወንበር ስለሌለ ይመኙሻል አንድ ካርቶን ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጊታሯ እቅፏ ውስጥ ገባች። ክንዷ ሳትሸከመው ራሱ ወረደ፤ ጣቶቿ ሳይለጠጡ ክሮቹን አገኟቸው። አንዱን ክር ነካችው። ድምፁ ሱቁን የሚሞላ አልነበረም፤ ግን ጥርት ያለና የተሰበሰበ ነበር፤ ሰው ጠጋ ብሎ እንደሚናገረው ዓይነት።

“ይችን እወስዳለሁ” አለች።

ልሳኑ ሣቀ። “እናቴ፣ እሷ እኮ የልጆች መጫወቻ ናት! ድምፅ የላትም። ይዘዋት መንገድ ላይ ቢወጡ ሰው ይስቅብዎታል። ለእርስዎ ዕድሜና ክብር የሚሆነው ያ ነው” ብሎ ወደ ትልቁ አመለከተ።

“እጄ እኮ አይደርስም፤ ትከሻዬንም ያዘኝ።”

“ይለምዱታል! መጀመሪያ ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። የሚሠለጥነው እጅ ነው፤ ጊታሩ አይደለም።”

ከወጣቶቹ አንዱ ሳይጠየቅ “ትክክለኛው ጊታር እሱ ነው፣ እማማ” አለ። ሌላው ፊቱን አዙሮ ሣቁን ዋጠ። ይመኙሻል ሣቁን አይታዋለች። ጊታር ገዝታ አታውቅም፤ እነሱ ደግሞ የሚያውቁ ይመስላሉ። ትንሿን ጊታር እንደ ጥፋት ከእቅፏ አውጥታ መለሰችና ትልቁን ገዝታ ወጣች።

በወጣቶች ማዕከል የሚያስተምር አንድ መምህር አገኘች። በሳምንት ሦስት ቀን ትሄዳለች፤ ቤቷም ስትመለስ ትለማመዳለች። ትከሻዋ ይነድዳል፤ ክንዷ በሣጥኑ ጠርዝ ላይ ተጭኖ ስለሚቆይ ከክርኗ በታች ይደነዝዛል። ለመምህሩ ነገረችው። እጇን ገልብጦ አየና “ጣትዎ አጭር ነው፤ ዕድሜም አለ” አላት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ በሚያውቀው ልክ ነው የተናገረው። እሷ ግን ቃሉን ይዛ ቤቷ ገባች። ጠዋት ጠዋት እጇን ጨው በተበጠበጠበት ሙቅ ውኃ ትነክራለች። ጣቶቿን በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ዘርግታ እንባዋ እስኪመጣ ትለጥጣቸዋለች። “የማትረባ!” ትለዋለች እጇን፤ ሠላሳ ዓመት ያበላትን እጅ።

በሦስተኛው ወር ዘሐራ በጣም ደከመች። ይመኙሻል ጊታሩን ተሸክማ ሄደች። አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ጀመረች፤ ዘሐራም ከንፈሯን ከግጥሙ ጋር ማንቀሳቀስ ጀመረች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ክንዷ ደነዘዘ። ጣቶቿ ከክሩ ላይ ሸርተት አሉ፤ ዜማው ተቆረጠ። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ተቆረጠ። በሦስተኛው ዘሐራ እጇን ዘርግታ ጉልበቷን ነካቻት።

“ይቅር፣ ደክሞሻል” አለቻት። የምትሞተው ናት ጤነኛዋን የምታጽናናው።

“የሚመጣው ሳምንት አሳምሬ እመጣለሁ” አለች ይመኙሻል።

የሚመጣው ሳምንት ሳይደርስ፣ ሐሙስ ቀን፣ ዘሐራ ዐረፈች።

ሐዘኑ ቀለል ካለ በኋላ ይመኙሻል ጊታሩን ይዛ ጋሽ እንድሪስ ዘንድ ሄደች። ጋሽ እንድሪስ ክራርና ጊታር የሚጠግኑ ሽማግሌ አናጢ ናቸው።

“ምኑ ተበላሸ?” አሏት።

“ጊታሩ ምንም አልሆነም፤ እጄ ነው እንቢ ያለኝ። የሚገዛው ሰው ቢያገኙልኝ ብዬ ነው።”

ሽማግሌው በርጩማ አቀረቡላት። “ተቀመጪ፤ እንደምትጫወቺ ሆነሽ ያዢው” አሏት። ያዘችው። በስተጎን ዞረው ትከሻዋን አዩ፤ በሜትር ክንዷን ለኩ፤ የሣጥኑንም ስፋት ለኩ። ከዚያ ሜትራቸውን ጠቀለሉ።

“እጅሽ ምንም አልጎደለውም፣ እህቴ። ሣጥኑ ነው ለአንቺ የሰፋው። ማን ነው ይኼን የመረጠልሽ?”

“እኔማ ትንሿን መርጬ ነበር። የልጆች ናት አሉኝ።”

“የልጆች?” አሉ ጋሽ እንድሪስ። “ለልጅ የሚሠራው ሌላ ነው። ያች ቤት ውስጥ ተቀምጦ ለሚዘፍን፣ ትልቁን ገላው ለማይሸከመው ሰው የተሠራች ናት። ድምፅዋ ዝቅ ይላል እንጂ ጉድለት የለባትም። ስንት የተጨበጨበለት ሰው በእሷ ተጫውቷል!”

“ሻጩ ይኼን ሳያውቅ ቀርቶ ይሆን?”

“ጊታር የሚሸጥ ሰው ይኼን ካላወቀ ታዲያ ምን ያውቃል?”

ይመኙሻል እጇን አየችው። ጨው ያቆረፈደው፣ ጠርዝ ላይ ሲለጠጥ የቆሰለው እጇ ጭኗ ላይ ተቀምጧል። መጀመሪያ ልቅሶ መጣባት። ከዚያ ልቅሶው ቁጣ ሆነ። ጊታሩን በጀርባዋ አዝላ በቀትር ፀሐይ ወደ ልሳኑ ሱቅ ሄደች።

በሩ ላይ ሳትደርስ ከውስጥ ዜማ ሰማች። ጥርት ያለና የተሰበሰበ ድምፅ ነው። ገባች። ገዢ አልነበረም። ልሳኑ ከባንኮኒው ጀርባ በለስላሳ ወንበር ተቀምጦ፣ ዓይኑን ከደን አድርጎ ጊታር ይጫወታል። ጊታሯ ትንሽ ናት። ከክቧ ቀዳዳ አጠገብ ጠቆር ያለች ነጥብ አለች።

“እንዴ፣ እናቴ! ደህና ነዎት? ለመዱት?” አላት ፈገግ ብሎ።

“ያች የልጆች መጫወቻ አይደለችም እንዴ?”

“እ… እንደዚያ የምለውማ ለገዢ ነው እንጂ” አለ ልሳኑ እየሣቀ። “እኔ እንኳ ትከሻዬን ስለሚያመኝ ነው። ትልቁ አልመች አለኝ፤ ይች ደግሞ ስትታቀፍ አታስቸግርም። ስለዚህ ለራሴ አስቀረኋት።”

ይመኙሻል ወደ ባንኮኒው ተጠጋች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ “እርስዎ” ስትለው የኖረች ሴት ናት።

“አንተን ትከሻህን ሲያምህ ትንሿን ያዝክ” አለችው። “እኔን ሲያመኝ ግን ልመጂው አልከኝ።”

“እናቴ፣ ገበያው እኮ ነው! ሰው ትልቅ ነገር ይዞ መውጣት ነው የሚወደው። ትንሿን ማን ይገዛል?”

“እኔ ነኛ! እዚህ ተቀምጬ ‘ይችን እወስዳለሁ’ አላልኩህም? የምፈልገውን በአፌ ነግሬህ በሣቅ አስጣልከኝ!”

“እንግዲህ አላስገደድኩዎትም። ከፍለው የወሰዱት እርስዎ ነዎት።”

ይኼ ቃል ነው የባሰው። ይመኙሻል ትልቁን ጊታር ከጀርባዋ አውርዳ ባንኮኒው ላይ አጋደመችው።

“እውነት ነው፣ አላስገደድከኝም። አሳፈርከኝ። ብታስገድደኝ ይሻለኝ ነበር! የተገደደ ሰው ማንን እንደሚወቅስ ያውቃል። እኔ ግን አምስት ወር ሙሉ የገዛ እጄን ስረግም ነው የከረምኩት። ይኼን እጅ እየው። ጨው ውስጥ የዘፈዘፍኩት፣ ጣቴን ልሰብር የደረስኩት አንተ ለራስህ ትከሻ የምታውቀውን እውነት ለእኔ ስለ ነፈግከኝ ነው። የሞተች ጓደኛዬ አንድ ዘፈን ነበር የለመነችኝ። አንድ! እሱንም ሳትሰማ ሄደች። እሷን በምን ትቀይርልኛለህ?”

የጎረቤት ልብስ ሰፊዎች ጩኸቱን ሰምተው በሩ ላይ ቆሙ። ልሳኑን ላብ አጠመቀው።

“እሺ፣ እሺ፣ ይውሰዷት፤ ስጦታ ትሁንልዎ። ብቻ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉልኝ።”

“ስጦታህን አልፈልግም። ያን ቀን ልትሸጥልኝ የሚገባህን ዛሬ ሽጥልኝ። ድምፄን ግን ዝቅ አላደርግም።”

በትልቁ ምትክ ትንሿን ሰጣት። ይቅርታ አልጠየቀም። እሷም አላመሰገነችውም። በሩ ላይ ስትደርስ ወደ ተሰበሰቡት ዞራ፣ “ከዚህ ቤት የምትገዙ ካላችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ፣ እቅፋችሁ ውስጥ አድርጋችሁ፣ እጃችሁን ጠይቁት እንጂ እሱን አትጠይቁት” አለችና ሄደች።

በሁለት ወር ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ተጫወተችው። ያ “አጭር” የተባለ ጣት አንድም ቦታ ሳይሳሳት። የዘሐራ ልጅ ዘንድ ሄዳ እናቷ ተኝታበት በነበረው አልጋ አጠገብ ተቀምጣ በዝግታ መታችላት። ልጅቷ አለቀሰች። ይመኙሻል ግን አላለቀሰችም። ዜማው ከጠበቀችው በላይ ውብ ነበር፤ ያናደዳትም ውበቱ ነው። እሷ እየሰማችው ነው፤ ዘሐራ አልሰማችውም።

ወዳጆቿ “ለአንድ ጊታር ይኼን ያህል? እርሺው በቃ” ይሏታል። እሷም “ለጊታሩ መች ተቆጣሁ?” ትላቸዋለች። ሌላ አትጨምርም።

እኛ ግን እንጨምር። ሌባ ንብረታችንን ይወስዳል፤ እኛም ሌባ መሆኑን እናውቃለን። እንደ ልሳኑ ያለው ሰው ግን በገዛ እጃችንና በገዛ ዓይናችን ላይ ያለንን እምነት ወስዶ፣ ጥፋተኞቹ እኛው እንደ ሆንን አሳምኖ ይሸኘናል። የማይሆነንን ጫማ ሸጦ እግራችንን ያስወቅሰናል፤ የማይሆነንን ትምህርት መርጦ አእምሯችንን ያስሰድበናል። የሚያሳዝነው ባለማወቅ አለማድረጉ ነው። ለራሱ ሲሆን የሚመቸውን አሳምሮ ያውቃል። እነዚያ ሁለት ወጣቶችም ከነገሩ ነፃ አይደሉም። ስለ ጊታር ምንም ሳያውቁ ሣቁ፤ ሣቃቸው ባይኖር የልሳኑ ምላስ ብቻውን ባልበቃ ነበር። ስለዚህ የሚሆንህን ገላህ ሲነግርህ፣ በሰው ሣቅ አፍረህ ከእቅፍህ አታውጣው። ተታለህ ከሆነም በእጅህ ላይ ሳይሆን ባታለለህ ላይ ተቆጣ፤ እንዲህ ያለው ቁጣ ነውር የለበትም።

አንተስ፣ አንቺስ? የማይሆናችሁን ተሸክማችሁ “ጥፋቱ የእኔ ነው” ያላችሁት ስንት ጊዜ ነው? ደግሞስ ሌላ ሰው የሚሆነውን መርጦ ሳለ፣ በሣቃችሁ ያስጣላችሁት ቀን የለም?