ፀጉር ቆራጩና ያልሳቀችው ሚስቱ

አንድ ፀጉር ቆራጭ ነበረ። ልጄ፣ «ሚስቴ የምትደብቀኝ ነገር አለ፤ ሳጥኗን ሰብሬ ልየው ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። መልሱ ከዚህ ሰው ዘንድ ነውና ረጋ ብለህ ስማኝ።

ሰውየው የሚሠራው በአንዲት የገበያ ከተማ፣ ከመናኸሪያው በር ፊት ለፊት ነበር። እጁ ቀሊል ነው፤ ምላሱ ደግሞ ከእጁ የባሰ ቀሊል። ጢሙን ሊላጭ የመጣ ሰው ተላጭቶም አይሄድም፤ ጨዋታውን ሊሰማ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። በዚያ በር ቅቤ ተሸክማ የምታልፍ አንዲት ነጋዴ ነበረች፤ አገጯ ላይ ጥቁር ፀጉር በቅሎባታል። ፀጉር ቆራጩ ባያት ቁጥር ምላጩን ከፍ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ተራሽ ደርሷል፤ ግቢ!» ይላታል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። እርሱም እራት ላይ ያንኑ ለሚስቱ ለእናኑ ያወራላታል። እናኑ አትስቅም። ያልገባት መስሎት ይደግምላታል።

ከተጋቡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጅ አልወለዱም። በሦስተኛው ዓመት የእናኑ ጠባይ ተለወጠበት። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ጓዳ ትገባና በሩን ትዘጋለች። ቤት ውስጥ እንኳ ነጠላዋን እስከ አፏ ትከናነባለች። ፊቷን ሊዳስስ እጁን ሲሰድ ዞር ትላለች። አልጋው ሥር ትንሽ ሳጥን ነበረቻት፤ ቁልፏን ከአንገቷ አታወልቅም። በመጀመሪያ ነገሩን ናቀው። ኋላ ግን፣ «ልጅ ስላልሰጠኋት ሰልችታኛለች» አለ በልቡ። ቀጥሎም ከዚህ የከፋ አሰበ። ሰው ሲያስቅ ውሎ ቤቱ ሲገባ እንደ ባዕድ ጥግ ይዞ ይቀመጥ ጀመር። አንድ ቀን መዶሻ ይዞ ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ኮቴዋን ሲሰማ ደንግጦ መዶሻውን ደበቀው።

አንድ እሑድ ምሳ ስታቀርብ ነጠላዋ ተንሸራተተ። አገጯ ላይ ቀጭን፣ ወደ ላይ የወጣ አዲስ ቁስል አየ። ሌላ ባል ቢሆን ጭረት ነው ብሎ ባለፈው ነበር። እርሱ ግን ዕድሜ ልኩን ያየው ነገር ነው፤ ያለ ሳሙና፣ በደረቁ፣ በችኮላ የተላጨ ፊት እንዲህ ነው የሚቆረጠው።

«እናኑ፣ ይሄ የምላጭ ነው» አላት።

ሳህኑን አስቀመጠችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ጢም አወጣሁ» አለች። «እነቅለዋለሁ፣ እላጨዋለሁ፤ በሁለተኛው ቀን ተመልሶ ይመጣል። ሳጥኑ ውስጥ ያለውም ምላጭና የመስታወት ስባሪ ነው፤ ሌላ ምንም የለም።»

«ታዲያ ለእኔ ምነው ብትነግሪኝ? ሥራዬ አይደለም እንዴ?»

«ለአንተ?» አለችው። «ላገር ሁሉ ብናገር ለአንተ አልናገርም ነበር። ያችን ቅቤ ነጋዴ ስታወራልኝ ሰምቼሃለሁ። ስትደግምልኝም ሰምቼሃለሁ።»

ሰውን ሁሉ በመልስ የሚረታው ሰው ብድግ ብሎ ወጣ። እናኑ ጥሎኝ ሄደ ብላ አለቀሰች። እርሱ ግን የሥራ ዕቃውን ይዞ ተመለሰ። ውሃ አሞቀ። ፎጣ ነክሮ ፊቷ ላይ አደረገላት፤ ሳሙናውን አረፋ አስወጥቶ ቀባት፤ አዲስ ምላጭ አስገብቶ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ቀስ እያለ ላጫት።

«ምላጭ ከነካው ይወፍራል፣ ይብሳል ይላሉ፤ እውነት ነው?» አለችው ዓይኗን እንደጨፈነች።

«ምላጭ ፀጉር የሚያበቅል ቢሆን ኖሮ፣ የከተማውን ራሰ በራ ሁሉ ላጭቼ ባለ ፎቅ በሆንኩ ነበር።»

ሳቀች። ምላጩን ከፊቷ አንሥቶ ስቃ እስክትጨርስ ጠበቃት።

በማግስቱ ቅቤ ነጋዴዋ ስታልፍ፣ አግዳሚው ላይ ያሉት የተለመደውን ሲጠብቁ፣ እርሱ ሥራውን አቋርጦ ወደ ደጅ ወጣ። «እትዬ፣ ይቅር በይኝ» አላት። ሴትዮዋ ሸክሟን ሳታወርድ ትኩር ብላ አየችው። «ስለ የትኛው ቀን?» አለችና መንገዷን ቀጠለች። ይቅር ትበለው አትበለው አላወቀም። ከዚያ ወዲህ ግን በዚያ ቤት በሰው መልክ መሳቅ ቀረ። ጥቂት ደንበኞችም ቤቱ ቀዘቀዘ ብለው ሌላ ዘንድ ሄዱ።

እናኑንም፣ «እኔ የማውቀው የወጣውን ማንሣት ነው፤ ለምን እንደሚወጣ የሚያውቅ ሌላ ነው» ብሎ ሆስፒታል ወሰዳት። ሐኪሟ የወር አበባዋ በሦስትና በአራት ወር አንዴ እንደሚመጣ ስትሰማ ደሟን አስመረመረች፤ በአልትራሳውንድም አየቻት። ከዚያም እንዲህ አለቻት፤ «እርግማን አይደለም፤ ጥፋትሽም አይደለም። የወንድ የሚባለው ሆርሞን በማንኛዋም ሴት ሰውነት ውስጥ ጥቂት አለ፤ ያንቺ በዝቷል። ፀጉሩም፣ የወር አበባሽ መዛባትም ከዚያ ነው፤ ልጅ የዘገየውም በዚሁ ሊሆን ይችላል። ክኒን እሰጥሻለሁ፤ ከስድስት ወር በፊት ግን ለውጥ አትጠብቂ። ፀጉሩ ይሳሳል፣ ይዘገያል እንጂ ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል። መላጨቱ ጉዳት የለውም፣ አትተዪው። ልጅ ስትፈልጉ ቀድማችሁ ንገሩኝ፤ መድኃኒቱ ይለወጣል።»

በሦስተኛው ወር ምንም ለውጥ ስታጣ ክኒኑን ልትጥለው ነበር። ባሏ፣ «ስድስት ነው ያለችሽ» ብሎ እጇን ያዘ። በስምንተኛው ወር ገደማ ቀድሞ በሁለት ቀን የሚላጨው በሳምንት ሆነ። ጎህ ሳይቀድ መነሣቱ ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ፣ ደጃፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው ይላጫታል። ልጁ ገና አልመጣም፤ ነገር ግን መድኃኒቱን ለማስለወጥ ሁለቱ ተማክረው ቀን ቆርጠዋል።

እንግዲህ ልጄ፣ አንተም ያ ሰው ነህ። ሳጥኑን ተወው። እርሱ ሰብሮት ቢሆን ኖሮ ምላጭ ባገኘ እንጂ ሚስቱን ባላገኘ ነበር። የአንተ ሚስት የምትደብቀው ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም። ከማን እንደምትደብቀው ግን ነግረኸኛል። ስለዚህ ዛሬ ቤትህ ከመግባትህ በፊት መንገድ ላይ ቆም በልና አስታውስ፤ በእርሷ ፊት በማን በማን ስትስቅ ኖርህ? ከሳቅህባቸው ሰዎች መካከል እርሷ ራሷን አግኝታ ይሆናል።