ለዳገቱ የሚሆን ጥርስ

አንድ ሰው ነበረ። በትልቅ ገደል ሥር ባለች የቆላ ከተማ ይኖር ነበር። ያለው ንብረት አንድ አሮጌ መኪና ነው፤ በእሱ ከገበያ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ ገበያ ዕቃ ያመላልሳል። ከገደሉ በላይ ሰፊ ሜዳ አለ፤ በሜዳው ማዶ ታላቅ እህቱ ትኖራለች። እናትና አባታቸው የሞቱባቸው በልጅነታቸው ነው። እሷ በሰው ቤት እህል እየፈጨች፣ እሱ እንጨት እየተሸከመ አደጉ። ከነሸክሙ ወድቆ ግንባሩ የተሰነጠቀ ዕለት በነጠላዋ ጫፍ ያሰረችለት እሷ ናት። ከተለያዩ ሃያ ዓመት አልፏል። በየዓመቱ «ዘንድሮ እሄዳለሁ» ይላል።

አንድ ቀን መልእክት ደረሰው። «ዓይኔ እየደከመ ነው። ሳይጨልምብኝ ፊትህን ልየው።»

በዚያው ሰሞን የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማ የሚያደርሰው ዲፍረንሻል ጥርሱ ተሰበረ። መካኒኩ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት ዓይነት ጥርሶች አወጣለት።

«ይኸኛው ሜዳ ላይ ይበርራል፤ ጉልበት ግን የለውም። ያኛው ጎማውን አንዴ ለማዞር ሞተሩን ብዙ ጊዜ ያዞራል። ቀርፋፋ ነው፤ ግን ግድግዳም ቢሆን ይወጣል። መንገድህ የት ነው?»

«ሜዳ ነው» አለ ሰውየው።

«ሜዳው እኮ ከገደሉ በላይ ነው፣ ወንድሜ።»

«ገደሉን የምወጣው አንዴ ነው። ሜዳው ግን ሙሉ ቀን ያስኬዳል።»

«አንዴም ቢሆን ዳገት ዳገት ነው» አለ መካኒኩ። «የእኔ ሥራ መግጠም ነው፤ የምትነዳው አንተ ነህ።»

ፈጣኑን አስገጠመ። ልቡ ቀድሞት ሜዳው ላይ ደርሶ ነበርና ዳገቱ አልታየውም። ለእህቱ ማንጎ ጭኖ ተነሣ። በገደሉ መንገድ ሦስተኛ ጠመዝማዛ ላይ ሞተሩ አቃሰተ፤ ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ ሸተተ፤ መኪናው ቆመና ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ከላይ የሚመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ጣለለት።

«ምን ብትጭን ነው?»

«ማንጎ።»

«ማንጎ ያቃተው መኪና ገና ዛሬ አየሁ!»

ሰውየው አልሳቀም። በኋላ ማርሽ ቀስ እያለ ወደ ታች ተመለሰ። መካኒኩ ዘንድ ሲደርስ ቀርፋፋውን ጥርስ ሌላ ሰው ወስዶታል። ሌላ እስኪመጣ ሁለት ወር ፈጀ። ማንጎው በሰበሰ። ሰውየው በየቀኑ በሩ ላይ ቆሞ ገደሉን ቀና ብሎ ያይ ነበር።

በመጨረሻ ጥርሱ መጣ፤ ተገጠመ። መኪናው በእግረኛ ፍጥነት ገደሉን ወጣ። ሜዳው ላይ ሞተሩ እየጮኸ፣ ሁሉም እየቀደመው ሄደ። ሁለት ቀን ፈጀበት፤ ግን ደረሰ።

እህቱ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። እጇን ዘርግታ ፊቱን ዳሰሰች፤ ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ ስታገኝ ጣቷ ቆመ።

«መጣህ?»

«መጣሁ፣ እታለም።»

«ሸብተሃል?» ብላ ጠየቀችው።

ዓይኗ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር።

አንተም፣ ልጄ ታረቀኝ፣ «ትምህርቴ ሊያልቅ ሁለት ዓመት ቀረው፤ ረዘመብኝ፤ ትቼው ወደ እጮኛዬ ልሂድ ወይ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። እጮኛህ ያለችበት ሜዳው ነው። ሁለቱ ዓመታት ዳገቱ ናቸው። አንተ አሁን ጥርስ የምትመርጠው ሜዳውን እያየህ ነው። ከግማሽ ዳገት የተመለሰ ሰው ሁለት ዓመት ብቻ አይደለም የሚዘገየው፤ ከእሱም ይልቅ የሚጎዳው የሚጠብቀው ሰው ነው። ናፍቆትህን አልነቅፍም። እኔም አውቀዋለሁ። ግን ቀርፋፋውን ግጠም፣ ልጄ፤ እሷ ዓይንህን እያየች «ዘገየህ» ትበልህ።