ስምንት ክር

አንድ ሻማ ሠሪ ነበረ። ተቀመጪ ልጄ፤ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «አባ፣ እህቴን ክፉ ቃል ተናግሬያት አላውቅም፤ እጄንም አላነሣሁባት። ቅናቱ ያለው በሆዴ ነው። በሆዴ ብቀና ታዲያ ማንን ጎዳሁ?» አልሽኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ይህ ሰው የሚነግርሽ አለና ሳታቋርጪኝ ስሚ።

ሻማ ሠሪው ሥራውን ከአባቱ ነው የወረሰው። ሰሙን ያነጥራል፣ የአሪቲና የጠጅ ሳር ዘይት ይጨምርበታል፣ በሰፊ የሸክላ ጽዋ ያፈሰዋል። ሲለኮስ ቤቱን ሁሉ ያውደዋል። በዚያ ከተማ ሠርግ ያለበት ሁሉ ወደ እሱ ይመጣ ነበር፤ ሌላ ማን አለና? አንድ ቀን ግን ከአጥሩ ማዶ ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ተከራይታ ገባች። እሷም ሻማ ትሠራለች፤ በጠባብ ጽዋ። ሰው አንድ ጊዜ ከእሷ ወሰደ፣ ደገመ፣ ከዚያ እግሩ ወደ እሷ ለመደ።

ሰውዬው ምንም አላላትም። ልክ እንዳንቺ። ሲያገኛት «እንዴት አደርሽ» ይላታል፤ ቤቱ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ግን አንጀቱ ያርራል። ሲበላም እሷን ያስባል፣ ሲሠራም እሷን። ሳቋ አጥሩን አልፎ ሲሰማው በእሱ የምትስቅ ይመስለዋል።

እንዲህ እያለ አንድ ባለጸጋ ልጁን ሊድር ሆነና ለሁለቱም ላከባቸው። «አንዳንድ ጽዋ አምጡልኝ። እቤቴ ለኩሼ አያለሁ፤ ደህና የነደደለት የሠርጉን ሻማ ሁሉ ይሠራል» አለ። ሻማ ሠሪው ይህ ካመለጠው በዚያ ከተማ ሻማ ሠሪ ብሎ የሚጠራው እንደማይኖር አውቋል። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው የሰው እርሻ ማረም ነው።

በዚህ ሥራ ደግሞ አንድ ደንብ አለ። በጽዋው መሐል የሚነደው ፈትል ከጥጥ ክር ይገመዳል። ስንት ክር እንደሚያስፈልገው በግምት አይታወቅም፤ ተለኩሶ ይፈተናል። ክሩ ካነሰ እሳቱ መሐሉን ይቆፍርና በገዛ ሰሙ ሰጥሞ ይጠፋል፤ ዳር ዳሩ ሳይቀልጥ ይቀራል። ከበዛ ደግሞ ነበልባሉ ይንቀለቀላል፣ ጽዋውን ጥላሸት ያለብሰዋል፣ መዓዛውን አፍንጫ ሳይደርስ ይበላዋል። ስለዚህ ሠሪው በአንድ ዓይነት ጽዋ የተለያየ ፈትል ተክሎ፣ ሁሉንም ለኩሶ፣ ሰሙ ቀልጦ ዳር እስኪደርስ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ያያል። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሌላ ጥበብ የለውም፤ ማየት ብቻ ነው።

ይህን ሰውዬው ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። አራት ጽዋ አዘጋጀ። በመጀመሪያው ስምንት ክር፣ በሁለተኛው አሥር፣ በሦስተኛው አሥራ ሁለት፣ በአራተኛው አሥራ አራት። እስከዚህ ድረስ ምን ይወጣለታል? ነገር ግን ዘመድ ልኮ ከሴትየዋ አንድ ጽዋ አስገዛና ያንንም ከአራቱ ጎን አስቀመጠው። በማለዳ አምስቱንም ለኮሰ።

ከዚያ የእሷን ማየት ጀመረ። ነበልባሏ ቀጥ ብላ ቆመች። ሰሙ ቀስ እያለ ቀለጠና ዳር ደረሰ፤ ጭስ የሚባል የለም። «ከማን ተማረችው? ማን አሳያት?» ይላል ለራሱ። መዓዛው በሸተተው ቁጥር ወደ ጽዋዋ ጎንበስ ይላል።

ሚስቱ መጣች። «ምነው፣ የመጀመሪያዋ ጠፋች እኮ!» አለችው።

«ተዪኝ» አላት።

ቆይታ ተመለሰች። «አራተኛዋ እየጨሰች ነው። ሦስተኛዋ ግን እንዴት ታምራለች! እስቲ እያት።»

«ሴትዮ፣ ሥራ ላይ ነኝ!» ብሎ ጮኸባት። ዓይኑን ከጎረቤቱ ጽዋ አላነሣም። ይገርምሻል፣ ሥራ ላይ ነኝ ሲል ከልቡ ነው።

እኩለ ቀን ሲሆን የእሷን እፍ ብሎ አጠፋና ጣቱን ትኩስ ሰም ውስጥ ከትቶ የፈትሉን ቁራጭ መዝዞ አወጣ። ጣቱ ተላጠ፤ ግድም አልሰጠው። ፈትሉን ፈታትቶ ቆጠረ። ስምንት ክር! «አገኘሁሽ» አለ። የራሱን ጽዋዎች ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ሚስቱን «ወደ ጓዳ አስገቢልኝ» አላትና ለባለጸጋው የሚወስደውን በስምንት ክር ሠራ። ልብ አድርጊ ልጄ፣ በእሱ ጽዋ ስምንት ክር ምን እንደሚሆን ያን ዕለት ጠዋት ክንዱ አጠገብ ታይቶ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ሁለቱ ጽዋዎች በባለጸጋው እልፍኝ ጎን ለጎን ተለኮሱ። የእሷ እንደ ልማዷ ነደደች። የእሱ ጥቂት ብልጭ አለችና መሐሏ እየጎደጎደ፣ ነበልባሏ እያነሰ ሄደ። የባለጸጋው እናት «ውይ፣ ይቺ ምነው አንቀላፋች?» አሉ። ወዲያው ጠፋች።

ሴትየዋ ጎንበስ ብላ አየችለት። «ወንድሜ፣ ጽዋህ እኮ ሰፊ ነው፤ ክሩ አንሶታል» አለችው።

ሳያስበው «ያንቺስ ስምንት አይደለም?» ብሎ አመለጠው።

ግራ ገባት። «የእኔማ ጠባብ ነዋ! የአንተን ሰም መዓዛ እኔ መቼ አገኘሁት? ልኩን ፈትል ብታደርግለት ኖሮ እኔን ማን ይጠራኝ ነበር?» አለች። ልታጽናናው ብላ አልነበረም፤ እውነቷን ነው።

ሠርጉ ለእሷ ሆነ። እሱ ቤቱ ገብቶ ሦስተኛዋን ጽዋ ከጓዳ አወጣና ለኮሳት። ቀጥ ብላ ነደደች፤ ከዳር እስከ ዳር ቀለጠች፤ የአሪቲው መዓዛ ከአጥር ውጭ ወጣ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ አየችው። እሱም ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

እንግዲህ ልጄ፣ ሴትየዋ ምን ተጎዳች? እንደሚቀናባት እንኳ አላወቀችም። ያንቺም እህት እንዲሁ ናት፤ ደህና ታድራለች፣ ደህና ትውላለች፣ ስለ እሷ አትስጊ። አንቺ ግን እንደ ሰውዬው ነሽ። ቅናትሽ ዓይንሽን ይዞ ሰው ቤት ሄዷል፤ በገዛ ቤትሽ የሚነደውን የሚያይልሽ የለም።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ከመጣሽ ጀምሮ ስለ እህትሽ ልጅ ነገርሽኝ። ስንት ነጥብ እንዳመጣች፣ የት ትምህርት ቤት እንደተቀበላት፣ ምን ጫማ እንደተገዛላት፣ የጫማውን ቀለም ሳይቀር። አንቺም ልጅ አለሽ። ያጠመቅኋት እኔ ነኝ። ባለፈው እሑድ ከሴቶቹ ኋላ ብቻዋን ቆማ ስታለቅስ አየኋትና «ምን ሆንሽ?» ብላት «ምንም አባ» አለችኝ። እናቷ ስትመጣ ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ይኸው አንድ ሰዓት ሙሉ አወራሽ፤ ስሟን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራሽም።

ማንን ጎዳሁ ላልሽው መልሴ ይኸው ነው። አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ትርሲት እንዴት ናት?