በር የሚያልፈው የትኛው ነው?

አንድ ሰው ነበረ። ስሙን አልነግራችሁም። ብነግራችሁ በሚቀጥለው ገበያ ትጠቋቆሙበታላችሁ፤ እናንተን አላውቃችሁምና ነው?

ሰውየው በርበሬ ነጋዴ ነው። ቤቱ ከከተማው ዳር ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ። መጋዘኑን ከመኖሪያ ቤቱ ጋር አያይዞ ነው የሠራው፤ ከጓዳ ወደ መጋዘን ይገባል። መጋዘኑ ደግሞ ወደ ጓሮ የሚከፈት የጣውላ በር አለው። ይህን የጓሮ በር ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

ሚስቱን ትሁኔ እንበላት። እግዚአብሔር ልጅ አልሰጣቸውም፤ እሱና እሷ ብቻ ናቸው። እሱ በርበሬ ሊገዛ አገር ለአገር ሲዞር ቤቱን የምትጠብቀው እሷ ናት፤ ከቡላ ጋር። ቡላ ውሻቸው ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ጎረቤታቸው አቶ ላቀው ቤት ሌባ ገባ። እንዴት ገባ? መጀመሪያ ለውሻው መርዝ የነካ ሥጋ ወረወሩለት። ውሻው ዝም አለ። ከዚያ የጓሮውን በር ሰበሩ። አቶ ላቀው "ማነው?" ብሎ ቢወጣ ክንዱን በዱላ ሰበሩት፤ ያገኙትን ጭነው ሄዱ። ሌባው የገባው አንድ ቤት ነው። ፍርሃቱ ግን ያልገባበት ቤት አልነበረም።

ነጋዴውም ፈራ። ለራሱ አይደለም፤ ለሚስቱ ነው የፈራው። "እኔ መንገድ ስወጣ በሷ ላይ ቢመጡስ?" እያለ እንቅልፍ አጣ። በመጨረሻ የመሣሪያ ፈቃድ አወጣና የአደን ጠመንጃ ወደሚሸጥ ሰው ሄደ። ሻጩን አያ ደምለው ይሉታል፤ ድሮ አዳኞችን እየመራ በረሃ የወረደ ሰው ነው።

"ለምንህ ነው?" አለው አያ ደምለው።

"ለቤቴ ጥበቃ።"

አያ ደምለው ሁለት ጠመንጃ አወጣ። ሁለቱም ባለ ሁለት አፍ ናቸው፤ አንድ ጥይት ሳይሆን እፍኝ ሙሉ ድብልብል እርሳስ በአንዴ የሚተፉ። "ይቺ ሃያ ቁጥር ናት። ያቺ አሥራ ሁለት ቁጥር ናት" አለው።

የኛ ሰው ነጋዴ አይደል? ቁጥር ሲሰማ ትልቁን ያዘ። "ሃያዋን ስጠኝ! እኔ በትንሽ ነገር አልጫወትም።"

እዚያ የተቀመጡት ሰዎች ሳቁበት። አያ ደምለውም እየሳቀ፣ "ወንድሜ፣ የዚህ ቁጥር ነገር የተገላቢጦሽ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ነው አፉ የሚሰፋው። ቀጭኗ ሃያዋ ናት። አሥራ ሁለቷ ናት ወፍራሟ" አለው።

ሰውየው ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

"ለመሆኑ ቤት የሚውለው ማነው?" አለው አያ ደምለው።

"ባለቤቴ።"

"እንግዲያውስ ሃያዋን ውሰድላት። ቀላል ናት፤ ትከሻ አትመታም። ለቤት ትበቃለች።"

ትበቃለች! ተስቆበት የቆመ ሰው "ትበቃለች" የሚባል ነገር ይሰማል? እናንተስ ብትሆኑ ትሰማላችሁ? "ቆይ" አለ፤ "ሌባው ከበር ወዲያ ሆኖ ቢተኮስበት፣ በር የምታልፈው የትኛዋ ነች?"

አያ ደምለው ሳቁን አቆመ። "በቅርብ ከሆነ አሥራ ሁለቷን የጣውላ በር አያቆማትም። ግን..."

"ግን የለም። እሷን ስጠኝ።"

ያ "ግን" ምን ነበር? ሰውየው አልሰማውም። ስለዚህ እናንተም ለጊዜው አትሰሙትም።

ጠመንጃውን ይዞ ቤቱ ገባ። ትሁኔ ቀጭን ሴት ናት። ብታነሣው አፉ ወደ መሬት ዘመመባት፤ ደግማ ብታነሣው ደግሞ ዘመመ። "ይህን ነው እኔ የምተኩሰው? ለኔ ነው ወይስ ለራስህ ክንድ ነው የገዛኸው?" አለችው።

"አንቺ ምን ቸገረሽ፤ በር ያልፋል" አላት።

"እሺ፣ በር ይለፍ። ከበሩ ወዲያ ያለው ማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?"

ሳቀባት። በሱ የሳቁበትን ሳቅ አምጥቶ እሷ ላይ አራገፈው። "በርሽን ሰብሮ የሚመጣ ሌባ ካልሆነ ማን ሊሆን ኖሯል?"

ይህችንም ቃል ያዙልኝ።

ሐምሌ ገባ። ሰውየው አንድ ጧት "ነገ ማታ እመለሳለሁ" ብሎ መንገድ ወጣ። ወንዝ ጋ ሲደርሱ ግን ወንዙ ሞልቷል፤ መኪናው ተመለሰ። እሱም ከአስፋልቱ ወርዶ በእግሩ ወደ ቤቱ አቀና። ቀን ነው፤ ገና አሥር ሰዓት እንኳ አልሆነም። ሰማዩ ግን ጠቆረ። ከዚያ በረዶው ወረደ።

በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ታውቁታላችሁ። ጆሮህ ሥር ሆነው ቢጠሩህ አትሰማም።

ሰውየው በረዶው ራሱን ሲወግረው የያዘውን ማዳበሪያ ከረጢት እንደ ቆብ አጠፈና ራሱ ላይ ደፋው። ፊቱ አይታይም። የግቢውን በር እጁን አሾልኮ ከፈተ። ቡላ ከጋሪው ሥር ተጠልሏል፤ ጌታውን ሲያይ ጭራውን ቆላና ተመልሶ ተኛ። ለምን ይጮኻል? የቤቱ ሰው ነው የመጣው። ሰውየው የፊቱን በር ደበደበ። ከውስጥ ተቀርቅሯል። "ትሁኔ! ኧረ ትሁኔ!" ቢል ድምፁን በረዶው ዋጠው።

አሁን ወደ ውስጥ ግቡልኝ።

ትሁኔ አንድ ነገር ሲመታ የሰማች መሰላት። በመስኮቱ ስንጥቅ አየች። ምን አየች? ከረጢት የደፋ፣ ፊት የሌለው፣ ትከሻው የሰፋ ሰው በመስኮቷ ሥር አልፎ ወደ ጓሮ ሲዞር አየች። ውሻው አይጮኽም።

ውሻው አይጮኽም! አቶ ላቀው ቤትስ መጀመሪያ ዝም ያለው ማን ነበር?

"ቡላን ገደሉት" አለች። "እመቤቴ ድረሽልኝ" አለችና ጠመንጃውን ያዘች። ጥይት ጎርሷል፤ ባሏ ራሱ ነው አጉርሶ የሄደው። ከትከሻዋ ልታደርሰው አልቻለችም፤ ስለዚህ እየጎተተች ወደ መጋዘን ገባች። በርበሬ የሞላበትን ጆንያ ገፍታ በጓሮው በር ትይዩ አደረገችና ጠመንጃውን ጆንያው ላይ አስተኛችው። ተንበረከከች። ጣቷን ቃታው ላይ አኖረች።

ሰውየው ከበሩ ወዲያ ደረሰ።

እሱስ ምን ያስብ ነበር? ይህን ከራሴ ፈጥሬ አላመጣሁትም፤ ከራሱ አፍ ነው የሰማሁት። "ለምን አትከፍትልኝም? እቤት ናት። ገብተውባት ይሆን? እንደ ላቀው መትተዋት ይሆን?" ይል ነበር። በትከሻው በሩን መታው።

እሷ፣ ሌባ መጣብኝ ትላለች። እሱ፣ ሌባ ገባባት ይላል። ሁለቱም የፈሩት ያንኑ ሌባ ነው። ሌባው ግን በዚያ ቀን በዚያ ግቢ አልነበረም! ምናልባት እሱም የሆነ ቦታ ከበረዶው ተጠልሎ ነበር።

በሩ ተነቃነቀ።

"ማነህ?" አለች። አይሰማም።

በሩን ደግሞ መታው። መወርወሪያው ስንጥቅ አለ።

"እተኩሳለሁ! በማርያም እተኩሳለሁ!" አለች። አይሰማም። እሱም ይጮኻል፤ ስሟን ነው የሚጠራው። እሷ ደግሞ አትሰማም። ስሟን እየጠራ በፍቅር የመጣ ሰው፣ እሱን ለመግደል በፍርሃት የተንበረከከች ሚስት፣ በመካከላቸው አንዲት የጣውላ በር። ባሏም መርጦ የገዛው በር የሚያልፈውን ነው።

ጣቷ ቃታውን መሳብ ጀመረ።

ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ ማን ያድነዋል? ጉልበቱ? ገንዘቡ? አሥራ ሁለት ቁጥሩ?

የተገፋው ጆንያ ብናኙን ለቅቋል። የበርበሬ ብናኝ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሌባ ነው ጌታ ነው አይልም። ትሁኔንም ያዛት። ዓይኗ አለቀሰ፤ አፍንጫዋ ተቃጠለ፤ ታግላ ታግላ አልቻለችም። እጇን ከቃታው ላይ አነሣችና በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ያዘች። አስነጠሳት። በዚያችው ቅጽበት ደግሞ በረዶው፣ በረዶ እንደሚያደርገው፣ በድንገት ቀጥ አለ።

ከበሩ ወዲያ ያለው ትከሻ መግፋቱን ተወ።

"ይማርሽ!" አለ።

አስቦ መሰላችሁ? ምን አስቦ! በስብሷል፤ ተናዷል፤ ፈርቷል። ግን ሰው ሲያስነጥሰው ይማርህ፣ ይማርሽ እያለ ያደገ አፍ ነው። አፉ ሰውየውን አላማከረም፤ ቃሉ ራሱ ወጣ።

ከውስጥም ሌላ አፍ፣ እሱም እንዲሁ ያደገ፣ እሷን ሳያማክር መለሰ። "ያኑርህ" አለች።

ያኑርህ! የጎረሰ ጠመንጃ ደግና "ያኑርህ" አለችው።

ከዚያ ነው የገባት። ያ ድምፅ የማን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባት። መወርወሪያውን አንሥታ ስትከፍት ሰውየው "ምነው፣ ደንቆሮ ነሽ እንዴ?" እያለ ገባ። ገባና ጆንያው ላይ የተጋደመውን አየ። ሁለቱም አፎች ሆዱን ያያሉ። ያ በርበሬ ሲሸጥ ምላሱ የማይታጠፍ ሰው እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። እሷም ደረቱን በጡጫ እየመታች አለቀሰች። "ልገድልህ ነበርኮ! አንተን ልገድልህ ነበርኮ!"

በማግሥቱ ጠመንጃውን ተሸክሞ አያ ደምለው ዘንድ ሄደ። ጠረጴዛው ላይ አኖረውና፣ "ያን ቀን 'ግን' ብለህ ነበር። አቋረጥኩህ። ግን ምን ልትል ነበር?" አለው።

"ግን ከበሩ ወዲያ ያለውን ሰው አይመርጥም፣ ልልህ ነበር" አለው አያ ደምለው።

ይህን ታሪክ አንድ ቦታ ስናገር አንድ ጎበዝ ብድግ ብሎ ምን አለኝ መሰላችሁ? "አባ፣ እንኳንም ትልቁን ገዛ! ቀላሏን ቢገዛ ኖሮ ትሁኔ ገና ሲመታ ብድግ አድርጋ ትለቅበት ነበር።" ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ልክ ነው። እግዚአብሔር በስህተታችንም ያድነናል። ግን ስህተትህ አንድ ቀን አዳነህ ብለህ በስህተትህ ላይ ቤት አትሥራ።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ቅድም የሳቃችሁ አሁን አትሳቁ።

"እኛ ጠመንጃ የለንም" ትሉኛላችሁ። የላችሁም? አንቺ፣ ስልክሽ ሲጠራ የባልሽን እኅት ስም አይተሽ፣ ገና "ሃሎ" ሳትይ ስድቡን ያጎረስሽው፣ ያ ምንድን ነው? አንተ፣ ወንድምህ በግቢህ በር ሲገባ አይተህ፣ "ይኸው ስለ ድንበሩ ሊጨቃጨቀኝ መጣ" ብለህ ጣትህን ቃታው ላይ ያኖርከው፣ እሱስ? ምናልባት ሊታረቅህ መጥቶ ይሆናል። ምናልባት ስምህን እየጠራ ነው፤ በረዶው ነው ያላሰማህ። ጠይቀኸዋል? "ማነህ?" ብለህ፣ መልሱን ጠብቀሃል?

እኛ እኮ የምንከራከረው ሁልጊዜ በቁጥሩ ነው። በየትኛው ቃል ብናገረው ይበልጥ ይሰብረዋል? በየትኛው ሽማግሌ ፊት ባሳጣው ይበልጥ ያፍራል? ሃያው ይሻላል፣ አሥራ ሁለቱ ይሻላል! ከበሩ ወዲያ የቆመው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጠፋ።

አትፍሩ አላልኳችሁም። የአቶ ላቀው ክንድ በእውነት ተሰብሯል፤ ሌባ አለ፤ በራችሁን ዝጉ። ትሁኔ መፍራቷ ኃጢአት አይደለም። እኔ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ፍርሃት ብቻውን ቤት ሲጠብቅ፣ የሚገድለው ሌባውን አይደለም፤ መጀመሪያ ወደ በሩ የሚመጣውን ነው። መጀመሪያ ወደ በራችሁ የሚመጣውስ ማነው? የሚወዳችሁ አይደለም?

ሰውየው በር የሚያልፈው የትኛው ነው ብሎ ጠይቆ ነበር። አሥራ ሁለቱ ነው አሉት። አይደለም፤ ያን ቀን በሩን ቀድማ ያለፈችው "ይማርሽ" የምትል ቃል ናት። በሩን አልበሳችም፤ መወርወሪያውን ግን አስነሣች። ለሷ ምሕረት ሲለምን ምሕረቱን የተቀበለው ራሱ ነው፤ ጠመንጃ እንደተደገነበት እንኳ ሳያውቅ።

እንግዲህ ልጨርስ። እዚህ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው የማይነጋገሩ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ስም አልጠራም፤ ቀና ብዬም አላያችሁም። አጠገባችሁ ያለውን ሰው ቢያስነጥሰው ምን እንደምትሉት ታውቃላችሁ።

ሳያስነጥሰው በሉት።