አህያዋ፣ ውርንጭላዋና አደባባዩ

ተረት ተረት! የሰማ ሁሉ ለልጁ ያውራት።

ድሮ፣ ጎማም እንደ ሰው በሚናገርበት ዘመን፣ ቡሊት የምትባል አህያ ከልጇ ጋር ወደ ገበያ ትወርድ ነበር። የከተማው አደባባይ ጋ ሲደርሱ ውርንጭላዋ፣ «እማዬ፣ ሁሉም ልግባ ልግባ ካለ ማን ይወጣል?» ብላ ጠየቀች።

ቡሊት ልትመልስ አፏን ስትከፍት ባጃጅ ከኋላ ክላክሱን አምባረቀ። «ሴትዮ፣ ጥጋችሁን ያዙ!»

ውርንጭላዋ ደንብራ አደባባዩ ውስጥ ዘላ ገባች።

ሚኒባስ እየዞረ ነበር። ጭነት መኪና ከቁልቁለቱ መጣ። የሚዞር እንዳለ እያየ፣ «ትልቁ ይቀድማል!» ብሎ ገባበት። ባጃጁም፣ «ፈጣኑ ይቀድማል!» አለና ሾልኮ ከሚኒባሱ አፍንጫ ስር ተወሸቀ።

«እኔ እኮ ቀድሜ ገብቻለሁ! አሁን በየት ልውጣ?» አለ ሚኒባሱ።

ተቆላለፉ። ውርንጭላዋ በጭነት መኪናው ጎማና በሚኒባሱ ጎን መካከል ተጣበቀች።

«እማዬ!»

«አትንቀሳቀሺ የኔ ልጅ! በፈጠረሽ፣ አትንቀሳቀሺ!»

ጭነት መኪናው አቃሰተ። «ኧረ ፍሬኔ እየከዳኝ ነው! ብዙ አልቆምም!»

«ባጃጅ፣ ወደ ኋላ በል!» አለች ቡሊት።

«እኔ? ለአህያ?» ባጃጁ ሳቀ። «ስሙልኝ፣ አህያ መንጃ ፈቃድ አውጥታለች!»

ጎማው ተንሸራተተ። ውርንጭላዋ ጮኸች።

«አጋጪ እያሉ የኔን ስም ያጠፋሉ፤ እኔ ከቦታዬ ተነቅዬ አላውቅም!» አለ አደባባዩ።

ቡሊት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ባጃጅ ወንድሜ፣ እኔ ያደግሁት አውድማ ዳር ነው። እህል ሲወቃ በሬዎቹ ሁሉ ወደ አንድ በኩል ይዞራሉ። አዲስ የሚገባው ዳር ቆሞ ያሳልፋል፤ ከጅራታቸው ኋላ ይገባል። ፊታቸው የተሰነቀረ ቀንድ ይቀምሳል። አንተ መጨረሻ ገባህ፤ አንተ ካልወጣህ ማንም አይወጣም። ልጄን አውጣልኝ።»

ጎማው እንደገና ተንሸራተተ። ባጃጁ የውርንጭላዋን ዓይን አየ። ሳቁ ጠፋ። ወደ ኋላ አለ።

ሚኒባሱ ወጣ። ውርንጭላዋ ተስፈንጥራ እናቷ ሆድ ስር ገባች። ጭነት መኪናውም ውርንጭላዋ ቆማ የነበረችበትን ቦታ ረግጦ ተንደረደረ።

«ተመስገን» አለች ቡሊት።

በማግስቱ ጠዋት ቡሊት ከልጇ ጋር አደባባዩ አፍ ላይ ቆመች። ወደ ግራዋ አየች። አንድ ብስክሌት እየዞረ ነበር። ባጃጁ ከኋላዋ ደረሰ፤ ክላክሱን ሳይነካ ቆመ።

«ማን ይወጣል ብለሽኝ አልነበር?» አለቻት ልጇን። «ቆሞ ያሳለፈ በሰላም ያልፋል።»

ብስክሌቱን አሳለፈችና ከኋላው ገባች።