ባላምባራስ ያልከፈሉበት ኮርቻ

በአንድ ወቅት፣ የሰው ክብር በተቀመጠበት ፈረስ በሚለካበት ዘመን፣ አያ ጓንጉል የሚባል ኮርቻ ሰፊ ነበር። ሱቁ ከገበያው ዳር ነበረች፤ አንድ በር፣ አንድ መደብ፣ አንድ ወስፌ። ያቺን ወስፌ፣ ቆዳ የሚበሳባትን ሹል ብረት፣ አርባ ዓመት ሙሉ ከእጁ ለይቷት አያውቅም። ልጆቹ እንኳ ሲነኳት ይቆጣ ነበር። እጁ ወርቅ ነው ይሉታል። አፉን ግን ምን ልበላችሁ፣ ይሉኝታ የሸበበው አፍ ነበር! «የድካሜን ስጡኝ» ማለት ለእሱ ከልመና አይለይም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ፣ ደንበኛው ሁሉ ይህን አውቆበታል።

ከሁሉ ይልቅ ያወቁበት ባላምባራስ አምባዬ ነበሩ። ልጃቸውን በጥር ሊድሩ ሲሉ፣ ለሠርጉ የሚቀመጡበት ኮርቻ አዘዙ። ዋጋው ሠላሳ ጠገራ ብር። አያ ጓንጉል ሦስት ወር ለፋበት፤ ቆዳውንም ከሐጂ ኑሩ በዱቤ ወሰደ። ሐጂ ኑሩ ደግ ነጋዴ ናቸው፤ ቢሆንም ነጋዴ ናቸውና ሱቋን በመያዣ አስጻፉ። «እስከ ኅዳር ሚካኤል እታገሥሃለሁ» አሉት።

የሠርጉ ዕለት አያ ጓንጉል ኮርቻውን ተሸክሞ ዳሱ ውስጥ ገባ። ባላምባራስ በእንግዳ ፊት እጃቸውን ወደ ከረጢታቸው ሰደድ አደረጉና «ሂሳብህን ልስጥህ እንዴ?» አሉ። እንግዲህ በዚያች ሰዓት «አዎን ጌታዬ» ያለ ሰው ሱቁን ያድናል። አያ ጓንጉል ግን ሰው ሁሉ ሲያየው ጊዜ ላብ አጠመቀውና፣ «ኧረ ምን ችኮላ አለ ጌታዬ! ሲመችዎ» አለ። ባላምባራስም እጃቸውን ከከረጢቱ አወጡ። «ሰማችሁ አይደል? ሲመቸኝ ነው ያለው» ብለው ወደ እንግዶቹ ዞሩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

ከዚያ ወዲያማ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። በጾም ሲሄድ «ዛሬ እንግዳ አለብኝ» ይባላል። በፋሲካ ሲሄድ «በበዓል ቀን ስለ ገንዘብ ይወራል?» ይባላል። ክረምቱ ሲገባ «ጭቃው ይድረቅ» ተባለ። ጭቃውም ደረቀ፣ መስከረምም አለፈ፣ ኅዳርም ባተ። ሚካኤል ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው አያ ጓንጉል ሦስት ልጆቹን ጠርቶ መደቡ ላይ አስቀመጣቸው።

«በሚካኤል ይሁንብኝ፣ ብሬን ከባላምባራስ እጅ ላወጣልኝ ልጅ፣ ሱቋ የእሱ ናት። በበዓሉ ቀን ቁልፏን እሰጠዋለሁ። እኔ አቅቶኛል ልጆቼ» አለና አንገቱን ደፋ። አባት በልጆቹ ፊት አቅቶኛል ሲል ቀላል አይምሰላችሁ።

የበኩሩ ማንደፍሮ ይባላል። ደፋርና ግልፍተኛ ነው፤ እንጀራው ከሲራራ ነጋዴ ጋር በቅሎ እየነዱ መሄድ ነው። ነጋዴዎቹ በማግሥቱ ሊነሡ ነበር፤ ከእነሱ የቀረ ሰው እስከሚመጣው ዓመት ሥራ የለውም። ማንደፍሮ ግን ጭነቱን ተወና ገበያ ወጣ። ባላምባራስ ከሎሌዎቻቸው ጋር እየተንጎራደዱ ሲመጡ፣ ዘሎ የኩታቸውን ጫፍ ያዘ። «በንጉሥ አምላክ!» ብሎ ጮኸና የእሳቸውን ኩታ ከራሱ ኩታ ጋር ቋጠረ።

በዚያ ዘመን ሕጉ እንዲህ ነበር። ባለዕዳና ባለገንዘብ በንጉሥ አምላክ አንዴ ኩታ ለኩታ ከተቋጠሩ፣ ቋጠሮውን ከዳኛ በቀር የሚፈታ የለም። «የፋቂ ልጅ! ልቀቀኝ!» አሉ ባላምባራስ። «ዋስ ይጥሩና ልልቀቅዎ» አለ ማንደፍሮ። ጠሩ። ያ ሁሉ የጠጃቸው ወዳጅ አንዱ ወደ ሰማይ፣ አንዱ ወደ ጫማው አየ። አገር ያውቃቸዋላ! ዳኛው ደግሞ ለሌላ ነገር ወደ ጎረቤት ወረዳ ሄደዋል። እንግዲህ ሁለቱ ሦስት ቀን ሙሉ እንደተቆራኙ ዋሉ፣ አደሩ። አብረው በሉ፤ ባላምባራስ ወደ ጫካ ዘወር ሲሉ ማንደፍሮም አብሮ ዘወር አለ። ሲራራው ያለ ማንደፍሮ ተነሥቶ ሄደ።

በአራተኛው ቀን፣ በሚካኤል ዋዜማ፣ ዳኛው መጡና ከዋርካው ሥር ተሰየሙ። አያ ጓንጉል ኩታውን አደግድጎ ቆመ። ባላምባራስ ግን ደረታቸውን ነፉ።

«ዕዳውን አልካድኩም። ይኸ ሰው ግን በሠርጌ ዕለት፣ በአርባ ሰው ፊት፣ ሲመችዎ ብሎኛል። እስከ ዛሬ አልተመቸኝም» አሉ።

«ብለሃል?» አሉ ዳኛው።

አያ ጓንጉል መዋሸት አይችልበትም። «ብያለሁ ጌታዬ» አለ። ሕዝቡ አጉረመረመ። አያ ጓንጉል የገዛ ምላሱን ነቅሎ ቢጥላት በወደደ።

ይኼኔ ሁለተኛዋ ልጅ ዘርፌ ወደ ፊት ወጣች። ይህች ሴት አንደበቷ የተባረከ ነው፤ ደግሞም በሚመጣው ጥር ልትዳር የታጨች ናት። አንገቷ ላይ እናቷ ያወረሰቻት የብር ድሪ አለ። ከእሷ ሌላ ለትዳሯ ይዛ የምትሄደው ነገር የላትም።

«ጌታዬ፣ አባቴ ብሏል፤ አንክድም» አለች። «ከዚያ ወዲህ ግን ባላምባራስ ልጃቸውን ድረዋል፣ ጥማድ በሬ ገዝተዋል፣ ለታቦቱ ጥላ ሰጥተዋል። ይህን ሁሉ አድርገው ሠላሳ ብር ካልተመቻቸው፣ እውነትም ተቸግረዋል፤ አንጀቴን በሉት። እንግዲያው በመጪው ገበያ ነጋሪት ይመታና አዋጅ ይነገርልን። "ባላምባራስ አምባዬ ተቸግረዋልና የቻላችሁ እርዷቸው" ይባል። አባቴም አንድ ብር ያዋጣል። እምቢ ካሉ ግን ተመችቷቸዋል፤ ዛሬ ይከፍላሉ። በዚች በድሪዬ እወራረዳለሁ!»

ድሪዋን አውልቃ ከዳኛው እግር ሥር አኖረችው። አያ ጓንጉል ዓይኑን ጨፈነ፤ «ኧረ ልጄ!» አለ ለራሱ። ክርክሩን ከተረቱ ሱቋም ድሪውም ሊሄዱ ነው።

ባላምባራስ ፊታቸው በርበሬ መሰለ። «ማን ነው የተቸገረው? ሠላሳ ብር ለእኔ ምኔ ናት!» ብለው ጮኹ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። «እንግዲያው ተመችቶዎታል፤ ይክፈሉ» አሉ ዳኛው።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ እኔም ነገሬን ጨርሼ ወደ ቤቴ በሄድኩ። አጉል ደንበኛ ግን በአንድ በር ሲያስወጡት በሌላው የሚገባ ፍጥረት ነው።

«እከፍላለሁ» አሉ ባላምባራስ ቀስ ብለው። «የምከፍለው ግን ለቀና ሥራ ነው። ፈረሴን አምጡ።»

ፈረሱ መጣ። ኮርቻው ሲወርድለት ቀኝ ጀርባው ላይ መዳፍ የሚያህል ቁስል ታየ። «ኮርቻው ጠማማ ነው። ለጠማማ ሥራ ሰባራ ሳንቲም አልሰጥም» አሉ።

አያ ጓንጉል ይህንን ሲሰማ ይሉኝታውም ፍርሃቱም ጠፋ። ድህነትን ይችላል፤ እጁ ሲሰደብ ግን አይችልም። «አርባ ዓመት ሰፍቻለሁ! ጠማማ ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም! እምላለሁ!» ብሎ ቀኝ እጁን አነሣ።

«አባዬ፣ አይማሉ።»

የተናገረው ትንሹ ልጅ ይታየው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ በቀን ሦስት ቃል ቢናገር ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ቆዳ ሲያለፋ የኖረ ሰው ነው።

«የቀኙ እንጨት ጠርዙ በደንብ አልተላገም። ቆዳው ሸፍኖት ነው እንጂ ሹል ነው። በጥር ሲያለብሱት አይቼው ነበር» አለ።

«አይተህ?» አለ አያ ጓንጉል።

«ዓይንዎ እንደ ድሮው አይደለም አባዬ። አባትን እንዴት አበላሹ እላለሁ ብዬ ዝም አልኩ።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ይኸኛው ዝምታ ግን ነቅዞ ፈረስ አቆሰለ። አያ ጓንጉል የተነሣች እጁን ወዴት እንደሚያደርጋት ጠፋው። ገበያተኛው ሁሉ ያያል፤ ነገ ከነገ ወዲያ ኮርቻ ሊያሠራ የሚመጣው ሰው ሁሉ ይሰማል። ባላምባራስ ፈገግ አሉ። ማንደፍሮ፣ አሁንም ከእሳቸው ጋር እንደተቋጠረ፣ ወንድሙን ሊመታው ቃጣ።

ይታየው ግን ወደ ዳኛው ዞረ። «ጌታዬ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጊዜ ይስጡኝ። እዚሁ በፊትዎ አቀናዋለሁ።»

ዳኛው ፈረዱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ኮርቻው ከቀና ባላምባራስ ይክፈሉ፤ ካልቀና ኮርቻው ለሰፊው ይመለስ፣ ዕዳው ይሰረዝ፣ ድሪውም ለባላምባራስ ይሁን። ይታየው እጁን ወደ አባቱ ዘረጋ። አያ ጓንጉል የፈለገውን አወቀ። አርባ ዓመት ከእጁ ያልወጣችውን ወስፌ ከመታጠቂያው አወጣና ሰጠው። 

ልጁ ስፌቱን ፈታ፣ ቆዳውን ገለጠ፣ እንጨቱን ላገ፣ እንደገና ሰፋ። አንዴ ወስፌዋ ስታ መዳፉን ወጋችው፤ ደሙን በጭኑ ጠርጎ ቀጠለ። ፀሐይዋ የተራራውን ጫፍ ልትነካ ስትል «ጨረስኩ» አለ። ዳኛው እጃቸውን ከኮርቻው ሥር ሰድደው ግራ ቀኙን ዳበሱ። በራሳቸው በቅሎ ላይ አስጭነው አንድ ጊዜ ዞሩበት። ወረዱና «ቀንቷል» አሉ።

ለፈረሱ ቁስል ሁለት ብር ተቀነሰ፤ ባላምባራስ ሃያ ስምንቱን ቆጠሩ። ቋጠሮው ተፈታ፣ ድሪው ወደ ዘርፌ አንገት ተመለሰ። ሐጂ ኑሩ የቆዳቸውን ዋጋ ተቀብለው የመያዣውን ወረቀት በሰው ፊት ቀደዱ። ሱቋ ተረፈች።

የሚካኤል ዕለት ጧት አያ ጓንጉል ቁልፏን ይዞ ከሱቁ በር ላይ ቆመ። ሦስቱም መጡ።

«ሰውየውን ቋጥሬ ባልይዘው ከማን ጋር ትሟገቱ ነበር? የዓመት እንጀራዬን ጥዬ ነው የያዝኩት» አለ ማንደፍሮ።

«ጋሼ፣ ይዘኸውማ ነበር፤ ልትረታ ነበር እንጂ!» አለች ዘርፌ። «እከፍላለሁ የሚለውን ቃል ከአፉ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ብረታ ኖሮ ትዳሬም ቀርቶ ነበር።»

ይታየው የተወጋ መዳፉን አሻሸ። ሁለቱ ግን አልማሩትም። «አንተማ በጥር ብትናገር ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ!» አለው ማንደፍሮ።

«እውነት ነው» አለ ይታየው። «ትናንትም ዝም ብል ኖሮ አባዬ በሐሰት ምለው ነበር፤ ብሩም አይገኝም ነበር።»  አያ ጓንጉል ግን አንድ ነገር አየ፤ ወስፌዋ አሁንም በልጁ እጅ ናት። አልመለሰለትም። እሱም መልስልኝ አላለም።

አያ ጓንጉል ልቡ ተጨነቀ። በሚካኤል ምሏል፤ ሚካኤል ደግሞ ዛሬ ነው። አንዱ ሲያገኝ ሁለቱ ሊቀየሙ ነው። አንድ ሱቅ፣ አንድ ቁልፍ፣ ሦስት ልጅ።

ይኼኔ አንድ እንግዳ ሰው በቅሎውን እየሳበ መጣ። ትናንት ከዋርካው ሥር ቆሞ ሁሉን ያየ ሰው ነው። «እንደምን አደራችሁ» አለ። «ኮርቻ ላሠራ ነበር። ገንዘቡን አሁን ልስጥ ወይስ ስወስድ?»

አያ ጓንጉል በልማዱ «ሲመች...» ብሎ ጀመረና ምላሱን ነከሰ።

ሰውየው ሳቀ። አራቱንም አንድ በአንድ አያቸው። «ለመሆኑ የሱቁ ባለቤት ማናችሁ ናችሁ? ማንን ላናግር?» አለ።

አያ ጓንጉል ቁልፏን የያዘች እጁን ዘረጋ። ወደ ማን እንደዘረጋት እኔም አልነግራችሁም፤ ተከራክራችሁ ድረሱበት። ባለዕዳውን ቋጥሮ ያመጣ፣ አፉን ያስከፈተ፣ እጁን ያስፈታ፤ ሦስቱም ከባላምባራስ እጅ ብር አውጥተዋል። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ቁልፏ የምትገባው ለማን ነው?