የአንድ ታብሌት ሦስት ልጆች

ሦስት ልጅ አንድ ላይ ሆኖ ያገኘው ነገር ለአንዱ ብቻ ይሰጥ ሲባል፣ የማን ነው የሚባለው? ይሄን ጥያቄ ይዤ ሰሞኑን ሁሉ ዞርኩ። መልሱን እስካሁን አላገኘሁም። እንግዲህ ነገሩን እንደሆነው ልንገራችሁ።

በአንድ ወቅት ልበል እንጂ ሩቅ አይደለም፤ ዘንድሮ ነው። በእኛ ትንሽ ከተማ፣ በአንድ ሰባተኛ ክፍል ውስጥ፣ አርባ ሁለት ተማሪና አሥራ አራት ታብሌት ነበር። ታብሌቶቹን የሰጠው ሒሳብ የሚያስተምር ፕሮግራም የሠራ አንድ ድርጅት ነው። ፕሮግራሙ ጥያቄ ያወጣል፤ ልጁ ከመለሰ ወደሚከብደው ያሳልፈዋል፣ ከሳተ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። የሒሳብ አስተማሪያቸው መምህር ይበልጣል በአንድ ዴስክ ለሚቀመጡ ሦስት ልጆች አንድ ታብሌት አደለ።

ታብሌቷ መጀመሪያ ስም ትጠይቃለች። የምትቀበለውም የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው። መምህሩ ክፍለ ጊዜው እንዳያልቅበት ቸኩሎ «መሃል የተቀመጠ ስሙን ያስገባ» አለ። በዚያ ዴስክ መሃል የተቀመጠችው የእኔ ልጅ ባንቺአምላክ ናት። እዚያ ያስቀመጥኳትም እኔ ነኝ። ዳር ያለው መስኮት መስታወት የለውም፤ ብርድ እንዳይመታት ብዬ መምህሩን ለምኜ ነው። በግራዋ ኑሪያ፣ በቀኟ አዝመራው ተቀመጡ።

ኑሪያ የልብስ ሰፊው የጋሽ ሰይድ ልጅ ናት። እስከ አራተኛ ክፍል አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ተምራ ስለመጣች እንግሊዝኛ ታነባለች። የታብሌቷ ጥያቄ ደግሞ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። ሌላው ልጅ ፊደሉን ይለየዋል እንጂ ምን እንደተጠየቀ አያውቅም። ኑሪያ ታነብና በአማርኛ ትነግራቸዋለች፣ ያውም ጨዋታ አስመስላ፤ «አንዲት ሴትዮ ነበረች፣ ፍየሎቿን ለአራት ልጆቿ ልታካፍል ፈለገች» እያለች። እሷ ባትኖር ሁለቱ የታብሌቷን መስታወት ሲያዩ ይውሉ ነበር።

አዝመራው እናት አባት የለውም። የሚያሳድጉት አክስቱ እትዬ ማንጠግቦሽ ናቸው፤ ወፍጮ ቤት ይሠራሉ። ልጁ ሚዛን ሥር ነው ያደገው፤ ኪሎውን በአፉ ሲደምር ሲቀንስ። ጥያቄውን ነግረውት ሳይጨርሱ መልሱን ይላል። ወረቀት አይነካም። ንባብ ላይ ግን ደካማ ነው፤ እንኳን እንግሊዝኛው አማርኛውም ይከብደዋል። እሱ ባይኖር ሁለቱ ጥያቄው ገብቷቸው ሰዓት ያልቅባቸው ነበር።

የእኔዋ ባንቺ ቀርፋፋ ናት። እናቷ ስለሆንኩ አልዋሽም። አንድ ነገር ስትጠየቅ ዝም ብላ ታያችኋለች። ጆሮዋ ይሆን ብዬ ጤና ጣቢያ ሁሉ ወስጃታለሁ። ሐኪሙ መረመራትና «ጆሮዋስ ከእኔ ይሻላል» ብሎ ሳቀብኝ። እዚያ ዴስክ ላይ ሥራዋ «ቆይ» ማለት ነው። ሁለቱ «ንኪው! ንኪው!» ሲሏት ነገሩን በደብተሯ ስላ ካላየች አትነካም። «የአንቺ ጣት ፈቃድ እስኪመጣለት ይመሻል» ይላታል አዝመራው። ስንት ቀን ተኮራርፈዋል። ግን ሌሎቹ ዴስኮች እየገመቱ ወደ ኋላ ሲመለሱ፣ የእነሱ አልተመለሰም።

ሰባት ወር እንዲህ ሄዱ። ከዚያ የመጨረሻው ፈተና መጣ። ሠላሳ ጥያቄ፣ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ። ሠላሳውንም የመለሰ ተማሪ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት አንድ ብቻ፣ ትልቁ ከተማ ባለ አዳሪ ትምህርት ቤት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በነፃ ይማራል ተባለ።

ሃያ ዘጠኙን መለሱ። የመጨረሻውን መምህሩ ከኋላቸው ቆሞ ሰምቷል፤ እንደነገረኝ ነው የምነግራችሁ።

ኑሪያ ፈጥና አነበበች። «ሁለት መቶ አርባ ሊትር የሚይዝ በርሜል ውሃ ሞልቷል። ጠዋት ሲሶው ተቀዳ፤ ከሰዓት ሩቡ ተቀዳ። ስንት ሊትር ቀረ?»

«መቶ!» አለ አዝመራው።

«ቆይ» አለች ባንቺ። በርሜል ሣለች። «የምኑ ሩብ?»

«የበርሜሉ ነዋ! ሰዓቱ እየሄደ ነው እኮ!»

«በርሜሉ እኮ ከሰዓት ሙሉ አይደለም። ኑሪያ፣ እስቲ ድገሚው።»

ኑሪያ ደገመችው። ፊቷ ተለዋወጠ። «ወይኔ! ከቀረው ላይ ሩቡን ነው የሚለው። ዘልዬዋለሁ።»

ባንቺ በርሜሏን እንደገና ልታካፍል እርሳሷን አነሳች። የቀረው አሥር ሰከንድ ነው።

«መቶ ሃያ!» አለ አዝመራው። «መቶ ሃያ ነው፣ በእናትሽ ንኪው!»

ነካችው። ልክ ሆነ።

ደብዳቤው በሳምንቱ ደረሰ። «ለተማሪ ባንቺአምላክ» ይላል። እልል አልኩ። እልልታዬን ሳልጨርስ እትዬ ማንጠግቦሽ ከነዱቄታቸው ደጄ ላይ ቆመዋል።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አሉኝ። «የአዝመራው ጭንቅላት በልጅሽ ስም ከተማ ሊገባ ነው አሉ።»

ለካ ጋሽ ሰይድም ትምህርት ቤት ሄደው ኖሯል። መምህሩ ሦስታችንንም ከልጆቻችን ጋር ጠራን።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ታብሌቷ ማን እንደነካት እንጂ ማን እንዳሰበ አታውቅም። ድርጅቱ ጋ ደውዬ ሦስቱንም ውሰዱ ብያቸዋለሁ፤ ቦታው አንድ ነው አሉ። ሦስታችሁ በአንድ ልጅ ከተስማማችሁና የባንቺ እናት ከፈረመች ስሙን ይቀይሩታል። እስከ ዓርብ መልስ ካልሰጠን ግን ቦታው ለሌላ ትምህርት ቤት ያልፋል።»

ጋሽ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ሙያዬን ነው የማውቀው። ሳይለካ የሚሰፋ ልብስ የለም። ጥያቄውን የለካችላቸው ኑሪያ ናት። ያልገባቸውን ነገር ከየት አምጥተው ይመልሱት ነበር?»

«ስትለካ ብትውል ካልቆረጥክ ያው ጨርቅ ነው፣ ሰይድ» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ። «ሠላሳ መልስ ከማን አፍ ወጣ? ከአዝመራው። የባንቺ እናት፣ አትቀየሚኝና፣ መንካት ብቻ ከሆነ ዶሮዬም ትነካለች።»

ልጆቹ ሳቁ። ባንቺም ሳቀች። እኔ ግን ነደደኝ።

«ዶሮዎ ቆይ ትላለች?» አልኳቸው። «መቶ ብለው ቢነኩት ኖሮ ዛሬ የምንጣላበት ደብዳቤ ይኖር ነበር? ሊስቱ ሲሉ ሁሌ የምታስቆማቸው ማን ናት?»

«እጣ ይውጣ» አሉ ጋሽ ሰይድ በመጨረሻ።

«ሰባት ወር የለፋ ልጅ በእጣ? እንዲያማ አይሆንም!» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ። በዚህስ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ።

«ሦስታችንም እንሂድና ባንቺአምላክ እንባል» አለ አዝመራው። «ስም ሲጠራ አንድ ላይ አቤት እንላለን።»

መምህሩም ሳቀ። ከዚያ አንድ ሐሳብ አመጣ፤ ሦስቱ ለየብቻ ይፈተኑ። ሃያ አዲስ ጥያቄ፣ ማለፊያው አሥራ አምስት። ተስማማን። እዚያው ክፍል ውስጥ አራርቆ አስቀመጣቸው። እኛ ውጭ አግዳሚው ላይ ጠበቅን። እኔ ጥፍሬን በላሁ።

ኑሪያ ሃያውንም አንብባ ሃያውም ገብቷታል፤ ስሌቱ ላይ እየተሳሳተች ልክ የሆነላት ዘጠኝ ነው። ባንቺ በሰባት ወር ከኑሪያ በለመደቻቸው የእንግሊዝኛ ቃላት እየታገለች አሥር ብቻ መለሰች፤ አሥሩም ልክ ናቸው፤ በቀሩት ላይ ሰዓቱ አለቀባት። አዝመራውም እንደዚያው እየታገለ አሥራ አንድ አገኘ።

«በቃ፣ አለቀ!» ብለው ተነሡ እትዬ ማንጠግቦሽ።

«አክስቴ» አለ ልጁ አንገቱን ደፍቶ፣ «ከአሥራ አንዱ ስድስቱን ሳላነብ ነው የነካሁት። ዝም ብዬ።»

«አንተ ምን አፍህን አስከፈተህ! ልክ ሆኗል አይደል?»

«ሆኗል። ግን አላወቅኩትም።»

እትዬ ማንጠግቦሽ ተመልሰው ተቀመጡ። ሦስቱም አላለፉም። አንድ ላይ ሠላሳ ከሠላሳ ያገኙ ልጆች፣ ለየብቻቸው አንዳቸውም አላለፉም።

ስንወጣ ጋሽ ሰይድ እንዲህ አሉኝ፤ «ወላሂ፣ በአንቺ ቦታ መሆን አልፈልግም። ደብዳቤው የመጣው በልጅሽ ስም ነው። እኔ የበኩሌን ተናግሬያለሁ፤ ህሊናሽ የሚልሽን አድርጊ፤ እስማማለሁ።»

እትዬ ማንጠግቦሽ ደግሞ «እኔም ከዚህ በላይ አልሟገትም» አሉ። «ልጅሽን ብትልኪ አልረግምሽም። እንድመርቅሽ ግን አትጠብቂ።»

እንግዲህ ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ፊርማዬን እንኳ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጌ አልፈርምም። የሦስት ልጅ ዕድል በእኔ እጅ መሆኑ ያስፈራኛል። ባንቺን ትተሽ ለሌላ ስጪ ቢሉኝ አንጀቴ እሺ አይልም። ፈርሜ ብልካት ደግሞ ነገ አዝመራውን ወፍጮ ቤት ሳየው፣ ኑሪያን መንገድ ላይ ሳገኛት፣ ምን ብዬ ሰላም እላቸዋለሁ? ችግሩስ ለሦስታችንም አለ፤ ማን ይበልጥ ተቸገረ ከተባለ ማለቂያ የለውም። እኔ የምጠይቀው የሚገባው ለማን ነው ብዬ ነው።

ትናንት ባንቺን ራሷን ጠየቅኳት። «መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«እፈልጋለሁ።»

«ብቻሽንስ?»

እርሳሷን አስቀመጠች። «እዚያ ማን ያነብልኛል፣ እማ? ማንስ ያፋጥነኛል?»

ዛሬ ረቡዕ ነው። መምህሩ እንድፈርም የሰጠኝ ወረቀት ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል፤ ስም የሚጻፍበት መስመር ባዶ ነው። እናንተ ከእኔ የበለጠ የተማራችሁ፣ ልጅ ያሳደጋችሁ፣ ልጅ ያስተማራችሁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ያልተነበበውን ካነበበች ኑሪያ፣ ያልተሰላውን ካሰላ አዝመራው፣ ሊሳሳቱ ሲሉ ካስቆመች ባንቺ፣ ከሦስቱ ቦታው የሚገባው ለማን ነው? እስከ ዓርብ ድረስ የማንን ስም ላስጽፍ?